«እጅሽን አወዛውዢልን»፦ ስለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት መስማት የሰለቹኝ ስሕተቶች

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ ባለ አንድ ሆቴል ስብሰባ አለ፤ መስማት የተሳናቸው አራት ሰዎች ይገኛሉ። «እህቴ፣ መጥተሽ እጅሽን አወዛውዢልን» አለኝ ደዋዩ። ስብሰባው ስለምን እንደሆነ ስጠይቀው «እሱ ምን ያደርግልሻል? የሚባለውን ማሳየት ነው እንጂ» ብሎ መለሰልኝ። ጎንደር ላይ በዚህ ሙያ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህንኑ ንግግር ከባለሥልጣን፣ ከሐኪም፣ ከመምህር፣ ከድግስ አዘጋጅ ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው «ምን ልማር?» ብለው የሚመጡ ልጆችም ይዘውት ሲመጡ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ምልክት ቋንቋ ማለት አማርኛን በእጅ መናገር ነው፤ የሦስት ወር ኮርስ ይበቃል።»

ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። የእጁ ቅርጽ፣ እጁ የሚያርፍበት ቦታ፣ እንቅስቃሴው፣ የመዳፉ አቅጣጫ፣ ቅንድቡ፣ ከንፈሩ፣ የትከሻው ዘንበል ማለት ሁሉም ትርጉም ይሸከማሉ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ዊሊያም ስቶኪ ምልክት ቋንቋ እንደማንኛውም ቋንቋ በሥርዓት የተዋቀረ መሆኑን ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ነው። ሰዎች ኮርስ ገብተው መጀመሪያ የሚያዩት የጣት ፊደልን ስለሆነ እሱን ቋንቋው ይመስላቸዋል። የጣት ፊደላችን በእርግጥ ድንቅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያልን የቆጠርነው ገበታ በአንድ እጅ ላይ አለ ማለት ነው። የሚያገለግለው ግን በዋናነት ለሰው ስም፣ ለቦታ ስምና ምልክት ላልወጣለት ቃል ነው። በጣት ፊደል ብቻ ስብሰባ መምራት ሬዲዮ ከፍቶ ዜናውን ፊደል በፊደል እንደመስማት ያለ ነው።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የታሪኩ ባለቤት ራሷ «ንገሪያቸው» ስላለችኝ ነው የማወራው። በአንድ የጤና ተቋም ለሌላ ሰው ላስተረጉም ተጠርቼ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። በሩ ገርበብ ካለው ክፍል ውስጥ መስማት የተሳናት ሴት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ኮርስ የወሰደች የጎረቤት ልጅ አለች። ሐኪሙ «ሆድሽን ይቆርጥሻል?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ሳታወላውል ቃል በቃል አስተላለፈች፦ ሆድ፣ መቁረጥ፣ አንቺ። ሴትየዋ ሐኪሙን አየች፣ በሩን አየች፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ጨምቃ ብድግ አለች። የተረዳችው «ሆድሽን እንቅደደው?» የሚል ነው። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሕመሙ የት ጋ እንደሆነ፣ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን በቋንቋዋ ስጠይቃት በቀኝ ጎኗ ላይ ቡጢዋን እየጨበጠችና እየከፈተች አሳየችኝ። ልጅቷ «የነገሩኝን ነው የነገርኳት» አለች፤ ውሸት አልነበረባትም። ጥፋቱ ሦስት ወር የተማረን ሰው ሐኪም ፊት ያስቀመጠው አስተሳሰብ ነው።

አማርኛችን እንዲህ ዓይነት ወጥመድ ሞልቶበታል። «ልቡ አብጧል» የሚለውን ውሰዱ፤ ቡና ላይ ከተባለ ስለ ትዕቢተኛ ሰው ነው፣ የልብ ክፍል ውስጥ ከተባለ ግን በሽታ ነው። «እጁ ረጅም ነው» የተባለ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ከሆነ በክንዱ ልክ ብታስተረጉሙት ምን ይውጠዋል? ስለዚህ አስተርጓሚ መሆን ለሚፈልግ ልጅ የምነግረው የመጀመሪያ ነገር አማርኛህን አጥና የሚል ነው። ይገረማሉ። ተረትና ምሳሌውን፣ የፍርድ ቤቱን ቃል፣ የሐኪሙን አነጋገር፣ የገበሬውን አነጋገር ያላወቀ ሰው እጁ ቢፈጥንም የሚያስተላልፈው ነገር የለውም።

ሙያው ትምህርት እንዳለው ለማታውቁ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና በመስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ላይ ሙያተኛ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመቻች ይጠይቃል። «ሙያተኛ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ያልሠለጠነ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዓለም በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. አይቶታል፤ በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ከመሪዎች ጎን የቆመው ሰው ትርጉም የሌለው የእጅ እንቅስቃሴ ሲያሳይ ዋለ። የሚሰማው ሕዝብ ምንም አላወቀም፤ መስማት የተሳናቸው ግን ወዲያው ለዩት።

«ምልክት ቋንቋ በመላው ዓለም አንድ ነው።» አይደለም። ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች አሉ። እንግሊዝና አሜሪካ አፋቸውን በአንድ ቋንቋ ቢፈቱም የምልክት ቋንቋዎቻቸው አይግባቡም። የእኛው ምልክት ቋንቋ፣ ሚሲዮናውያን በከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች በኩል ከአሜሪካው ብዙ ወስዷል፤ ያም ሆኖ ዛሬ የራሱ ነው።

«ከንፈር ያነባሉ።» መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «ማር» በሉ፣ ቀጥሎ «ባር» በሉ። ከዚያ «ቀባ» እና «ገባ» በሉ። ልዩነቱን ካያችሁ ንገሩኝ።

«ተጽፎ ይሰጣቸው።» አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ያደገውም ጥቂት አይደለም።

«ዱዳ» እና «ደንቆሮ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። መስማት የተሳነው በሉ። ይህንን ማስረዳትም ደክሞኛል።

«አስተርጓሚዋ ረዳት ናት፤ ታሳጥርለታለች፣ ትመክረዋለች።» አልመክርም፣ አላሳጥርም። «ይህንን ግን አትንገሪው» ብላችሁ የምትናገሩትንም አስተረጉመዋለሁ፤ የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሰማው ነበርና። ዓይናችሁን እኔ ላይ ተክላችሁ «ንገሪው» አትበሉ፤ እሱን እያያችሁ አነጋግሩት። በክፍሉ የሰማሁት ደግሞ ከክፍሉ አይወጣም። እንደ ጎንደር ባለ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ውስጥ ይህ ካልተጠበቀ ሙያው አንድ ቀን አያድርም።

«ለነፍስሽ ነው።» ክፍያ ስጠይቅ የሚመጣልኝ መልስ ነው። ለድምፅ ማጉያው፣ ለአበባው፣ ለታሸገው ውኃ በጀት ተይዞ ለአስተርጓሚ ጽድቅ ይታሰባል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ይፈለጋል። በሥርዓቱ ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 ደቂቃው ገደማ ይቀያየራሉ፤ እየሰሙ፣ እየተረዱ፣ ያለፈውን እያስተላለፉ የሚመጣውን መያዝ ከእጅ ይልቅ አእምሮን ያደክማልና። አንድ ጊዜ እምቢ ማለት አፍሬ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ተሳታፊ እጁን አንሥቶ «ያልሽው አልገባኝም» አለኝ፤ ለካ ቁጥሮቹን አቀያይሬያቸው ነበር። ሁለተኛ አላደረግሁትም።

«ሙዚቃና ቴአትር ለእነሱ ምን ያደርጋል?»

ይህንን ጎንደሬ ሲናገረው ይባስ ያበሳጨኛል። የአዝማሪ አገር ነን! በአንድ ሠርግ ላይ መስማት የተሳነው የሙሽራው ወንድም አጠገብ ቆሜ ሳስተረጉም አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደ ደጋሹ ዞረና እንዲህ አለ፦

«ለሁሉም ቀዳና ለሁሉም አዞረ፣
እኔን ብቻ ጠላ ሲያልፈኝ አደረ።»

ሰሙ የሚጠጣው ጠላ ነው፤ ወርቁ «እኔን ብቻ ጠላኝ» የሚል ወቀሳ ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ሁለቱንም ይይዛል። በምልክት ቋንቋ ግን የመጠጡና የጥላቻው ምልክት አይገናኙም። አንዱን ብመርጥ ቅኔው ይሞታል፤ ቆሜ ባብራራ ደግሞ ሳቁ ያልፋል። ስለዚህ ጠላ ቀጂ ሆንኩ፤ ለዚህ ቀዳሁ፣ ለዚያ ቀዳሁ፣ አዝማሪው ጋ ስደርስ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ፊቴን አኮሳትሬ ዓይኔን ወደ ጎን መልሼ አለፍኩ። ጠላው በእጄ አለፈ፣ ጥላቻው በፊቴ። ልጁ ከድንኳኑ ጋር እኩል ሳቀ፤ ከኪሱ ብር አውጥቶም ግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

የቴአትር ትምህርት ለአስተርጓሚ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ፊትን ማዘዝ፣ አካልን ማዘዝ፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ትከሻን አዙሮ ማን እንደተናገረ ማሳየት ከተዋንያን የሚገኝ ችሎታ ነው። ሆኖም መድረኩ የተዋናዩ ነው፤ ተመልካች ስለ አስተርጓሚዋ እያወራ ከወጣ ሥራው ተበላሽቷል። ቴአትር አዘጋጆችም ጽሑፉን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ስጡን፣ ልምምድ ላይ አስገቡን፣ መብራት አድርጉልን። ጨለማ ውስጥ የቆመች አስተርጓሚ ምንም አልተናገረችም ማለት ነው።

«ኮሙኒኬሽን የተማረ ሰው በቀላሉ ይገባበታል» ለምትሉም፦ መናገርና ማቅረብ መቻል ይጠቅማል፣ ቋንቋውን ግን አይተካም። መመዝገብ የምታስቡ ልጆች አስቀድማችሁ መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ጋር ጊዜ አሳልፉ፤ ቡና ጠጡ፣ ሲቀላለዱ እዩ፣ ስታበላሹ ያርሟችሁ። ቤት ውስጥ የሬዲዮ ዜና ከፍታችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ቀርታችሁ በአማርኛ ድገሙት፤ ይህ ሳይለመድ እጅ ቢጨመርበት ይወዛገባል። ሥራ ስትገቡ ከቆዳችሁ ቀለም የሚለይ፣ አበባም መስመርም የሌለበት ልብስ ልበሱ። ቀለበትና የጥፍር ቀለም ይቅር። መስኮትን ከኋላ አድርጋችሁ አትቁሙ፤ ፊታችሁ ይጠቁራል።

ለዚያ ምሽት ደዋይ ሦስት ነገር ነገርኩት፦ የስብሰባውን ወረቀት አሁኑኑ ላክልኝ፣ ለሁለተኛ አስተርጓሚ ክፍያ ያዝ፣ አራቱን ሰዎች ከፊት ለፊቴ አስቀምጥልኝ። «ይህን ያህል?» አለ። ይህን ያህል አልኩት። ወረቀቱ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰኝ፤ ስለ መሬት ካሣ ነበር። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ከባልደረባዬ ጋር በስልክ ቃላቱን አንድ በአንድ ተስማማንባቸው።