የአሮጌ ሞተር ሳይክል የፊት ፎርክ ጥገና በአዲስ አበባ ዙሪያ

የፊት ፎርክ ጥገና ማለት የሞተር ሳይክልን ሁለት የፊት እግሮች ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ዘይታቸውንና ኦይል ሲላቸውን (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ቀይሮ መልሶ መግጠም ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን ጋራዦች የተለመደ ሥራ ነው። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ኮብልስቶን ይቀበላል፣ ከኮብልስቶኑ በኋላ ኮረኮንች። ክረምት ላይ ጭቃው፣ በጋ ላይ አቧራው ይጨመርበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በክሮም የተለበጠ የብረት ዘንግ አሉሚኒየም እግር ውስጥ ይወጣል ይገባል። ዘንጉ እንደ ቱቦ ክፍት ስለሆነ ሞላና ዘይት ይይዛል። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ንጥረቱን ያበርዳል። ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ይደፋል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ቋ ይላል።

እንዲህ ዘንጉ እግሩ ውስጥ የሚወጣ የሚገባ ፎርክ ቴሌስኮፒክ ይባላል። ንጥረቱን በዘይት የሚያበርድ ቴሌስኮፒክ ፎርክ ለገበያ በቀረበ ሞተር ላይ መጀመሪያ የተገጠመው በ1935 እ.ኤ.አ. በቢኤምደብልዩ አር 12 ነው። የዴንማርኩ ኒምቡስ አንድ ዓመት ይቀድማል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን የዚያን ጊዜው የኒምቡስ ፎርክ ንጥረቱን በዘይት አያበርድም ነበር።

ለእኛ አካባቢ ዋናው ታሪክ የጃፓኖቹ ነው። ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 በግብርና ባለሙያ፣ በጤና ሠራተኛና በእርዳታ ድርጅት እጅ ገጠሩን ያዳረሱ ሞተሮች ናቸው። ሲያረጁ ብዙዎቹ በጨረታ ወጥተው ግለሰብ እጅ ገቡ። ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ዘንጉ ላይ የጎማ መሸፈኛ አለው። መሸፈኛው ደህና እስከሆነ ድረስ ጠጠርና ጭቃ ክሮሙን አይነካም። ከተቀደደ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭቃውን ውስጡ አቅፎ ያስቀምጥና ዘንጉን ያዝገዋል። ከክረምት በኋላ መሸፈኛውን ገልጦ ማየት ያልለመደ ባለሞተር ጉዳቱን የሚያውቀው ዘይቱ ፍሬኑ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። የነዚህ ሞተሮች ፎርክ ለጥገና የተመቸ ነው። በብዙዎቹ እግር ግርጌ የዘይት ማውጫ ቡሎን ስላለ ፎርኩ ሳይወርድ ዘይት መቀየር ይቻላል።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከርን ከለከለ። ብዙ ሞተርና ብዙ መካኒክ ያኔ ወደ ዳር ከተሞች እንደወጣ ይነገራል። በኋላ የበዙት የሕንድ ሞተር ሳይክሎች፣ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስም፣ ፎርካቸው በመሠረቱ ያው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሞተሩን ከሆዱ በታች ደግፎ የፊት ጎማውን በማውጣት ነው። የላይኛው ማሰሪያ ይላላል፤ የታችኛው ዘንጉን እንደያዘ የአናቱ ክዳን ይላላል። ክዳኑን ሞላው ከስር ይገፋዋል፣ ስለዚህ ፊትን ከላዩ ማራቅ ያስፈልጋል። ከእግሩ ግርጌ ያለው ቡሎን ሌላ ጣጣ አለው። ከውስጡ ክፍል ጋር አብሮ ይሽከረከርና አልፈታ ይላል። በአየር የሚሠራ መፍቻ የሌለው የዳር ከተማ መካኒክ ብልሃቱን አሳምሮ ያውቃል፦ ሞላው ከመውጣቱ በፊት ቡሎኑን ይፈታል፤ የሞላው ግፊት የውስጡን ክፍል ጠፍሮ ይይዝለታል። እዚያ ያለችው የመዳብ ራንዴላ ካልተቀየረች አዲስ ኦይል ሲል ተገጥሞም ዘይቱ ከታች ያፈሳል።

አሮጌው ኦይል ሲል በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ይወጣል፣ የእግሩ ከንፈር እንዳይጫር ጨርቅ ይደረግበታል። ሁሉም ነገር በናፍጣ ይታጠብና ይደርቃል። የኦይል ሲሉ ልክ ፊቱ ላይ ተጽፏል። 31፣ 43፣ 10.3 ካለ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ ነው፣ በሚሊሜትር። ጽሑፉ ወደ ላይ ይዞራል። የዘንጉ ጫፍ በፌስታል ተሸፍኖ ዘይት ይቀባል፤ ኦይል ሲሉ ከላይ ይገባና ልኩ በሆነ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቀስ እየተመታ ቦታው ይቀመጣል።

በዘይቱ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የፋብሪካ መመሪያዎች ለብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች 10 ደብልዩ የፎርክ ዘይት ያዛሉ፤ ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያሳያል። እሱ ሲጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይደረጋል፣ ውፍረቱም ስለሚቀራረብ ይሠራል። 20 ደብልዩ 50 የሞተር ዘይት የሚጨምሩም አሉ፣ ለከባድ ጭነት ይሻላል በሚል። ምናልባት ቆላ ላይ ያስኬድ ይሆናል። በሱሉልታ የኅዳር ጠዋት ግን ፎርኩን እንጨት ያደርገዋል። መጠኑ በስሪንጅ ይለካል፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። መመሪያ ያለው የመመሪያውን ቁጥር ይከተላል። የሌለው የቀድሞውን ከፍታ በሽቦ ለክቶ ይይዛል፤ ይህ የሚሆነው ሞላው ወጥቶ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት አየሩ እንዲወጣ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ግድ ነው።

ኦይል ሲል ተቀይሮ በወሩ መልሶ ካፈሰሰ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዘንጉ ነው። ጥፍር ሲሄድበት የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲሱንም ኦይል ሲል ይበላዋል። ትንሽ ዝገት በረቀቀ የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ይለሰልሳል። ጉድጓዱን በኢፖክሲ (በሚጠነክር ሙጫ) ሞልቶ ማለስለስም የተለመደ ነው፣ ኦይል ሲሉ በማይደርስበት ቦታ ከሆነ ይበቃል። የጎበጠ ዘንግ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲንከባለል ይለያል። በጥቂቱ ከሆነ በፕሬስ ይቃናል። ክሮሙ ከተሰነጠቀ ወይም ዘንጉ ከታጠፈ ምትኩ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ይፈለጋል። እዚያም ሲገዛ ሁለቱን እግር አብሮ መያዝ ይሻላል፣ በዓይን አንድ የሚመስሉ ዘንጎች በልክ ሊለያዩ ስለሚችሉ።