በአጋጣሚ የሚሠራ ረቂቅ የውሃ ቀለም ሥዕል

ረቂቅ (የታወቀ ነገር የማይወክል) የውሃ ቀለም ሥዕልን በአጋጣሚ የሚሠራ ሰዓሊ ንድፍ አያወጣም፣ በእርሳስም አይሞነጭርም። ቀለሙን ያፈሳል፣ ይረጫል፣ ወረቀቱን ያዘነብላል፤ የቀረውን ውሃው ይጨርሰዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ማንም የሚችለው ጨዋታ ይመስላል፤ እውነትም መጀመሩ ቀላል ነው። የሚከብደው መቼ ጣልቃ እንደሚገቡ፣ መቼ እጅን እንደሚሰበስቡ ማወቁ ነው። ይህን ደግሞ የሚወስነው የወረቀቱ እርጥበት ነው።

የውሃ ቀለም በዋናነት የደቃቅ ቀለም ዱቄትና የግራር ሙጫ ድብልቅ ነው። ውሃ ሲያገኝ ዱቄቱ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ሲተን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ዱቄቶቹ ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም። አልትራማሪን ሰማያዊ በሻካራ ወረቀት ስርጉዶች ውስጥ እየዘቀጠ ሲደርቅ አሸዋማ መልክ ይሰጣል። ፍታሎ ሰማያዊ ደግሞ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ቃጫው ውስጥ ይሰርጋል፤ በስፖንጅ ቢፈተግም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ወረቀቱም የራሱ ድርሻ አለው፦ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ብዙ ውሃ ይችላል፤ ስስ ወረቀት ግን ይጨማደድና ውሃው በጎድጓዳው ይጠራቀማል። አንዳንዱ ሰዓሊ ይህንኑ መጨማደድ ሆን ብሎ ይፈልገዋል።

አሁን የራሰ ወረቀት በጎን ሲያዩት ያብለጨልጫል። በዚህ ሰዓት የተነሰነሰ ጨው ሟሙቶ ይጠፋል። ብልጭታው ሊከስም ሲል የተነሰነሰው ግን በየቅንጣቱ ዙሪያ ያለውን ውሃና ቀለም ይስባል፤ ደርቆ ሲራገፍ ኮከብ መሳይ ፈዛዛ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። ከደረቀ በኋላ ቢነሰንሱት ምንም አያመጣም። በዚያችው ግማሽ እርጥብ ጊዜ ንጹህ ውሃ ጠብ ቢደረግ ዱቄቱን እየገፋ ወስዶ ጠርዙ የተሸረካከተ አበባ መሳይ ምልክት ይሠራል። መልክዓ ምድር የሚስል ሰው ይህን እንደ ጉድፍ ያየዋል፤ እዚህ ግን ይፈለጋል። ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ መስመር የሚቀረውም ያለምክንያት አይደለም። ጠርዝ ላይ ትነት ስለሚፈጥን ከመሀል ወደ ዳር የሚሄደው ውሃ ዱቄቱን ይዞት ይሄዳል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 የፈሰሰ ቡና ስለሚተወው ቀለበት የሰጡት ማብራሪያ ይኸው ነው።

አልኮል ጠብ ሲደረግ የውሃውን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ ቀለሙ ይሸሻል፣ ክብ ፈዛዛ ቀዳዳም ይከፈታል። የተጨማደደ ላስቲክ እርጥብ ቀለም ላይ ተጭኖ እስኪደርቅ ቢቆይ የተሰነጠቀ ድንጋይ የመሰለ የመስመር መረብ ይተዋል፤ ቸኩሎ ያነሳው ግን መስመሮቹ ይደበዝዙበታል። በስትሮ መንፋት፣ በብሩሽ መርጨት፣ በሰም መከለልም አለ።

አጋጣሚና ድንገተኛ ስሜት ብዙ ጊዜ ቢቀላቀሉም ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ሰዓሊ አንድሬ ማሶን እጁን ያለ ሐሳብ ቁጥጥር ለቅቆ በቀለም ብዕር ይሥል ነበር፤ የሚፈልገው ከውስጥ የሚወጣውን ነው። የሙዚቃ አቀናባሪው ጆን ኬጅ በተቃራኒው የራሱን ምርጫ ጭምር ማስወጣት ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቨርጂኒያ ውስጥ ተከታታይ የውሃ ቀለም ሥዕሎችን ሲሠራ ከኒው ሪቨር ወንዝ የተለቀሙ ድንጋዮችን ወረቀት ላይ እያስቀመጠ ዙሪያቸውን በብሩሽ ያዞር ነበር፤ ድንጋዩንም ሆነ ቀለሙን የሚመርጥለት ኢ ቺንግ በተባለው ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ የሚወጣ ዕጣ ነው። ከሁለቱም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ፣ እንግሊዛዊው ሰዓሊ አሌክሳንደር ኮዘንስ በብሩሽ በዘፈቀደ ከተጣለ የቀለም እድፍ ሥዕል ማውጣትን አስተምሯል፤ መድረሻው ግን መልክዓ ምድር ስለነበር ረቂቅ ሊባል አይችልም። የመጀመሪያው ረቂቅ የውሃ ቀለም ሥዕል እየተባለ የሚጠቀሰው የሩሲያዊው ሰዓሊ ካንዲንስኪ ሥራ እ.ኤ.አ. 1910 የሚል ዓመት ይዟል፤ በርካታ የጥበብ ታሪክ ምሁራን ግን ወደ 1913 ያቀርቡታል።

የተሳካ ውጤትን ልክ እንደነበረ በድጋሚ መሥራት አይቻልም፤ የክፍሉ ሙቀት እንኳ ይለውጠዋል። ከሦስት የሚበልጡ ቀለሞች እርጥብ ላይ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ ጭቃማ ይሆናሉ። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚፈዝም እርጥብ ሳለ ያማረው ሁሉ አይዘልቅም። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው ከደረቀ በኋላ ነው፦ ወረቀቱን በአራቱም አቅጣጫ አዙሮ ማየት፣ በሁለት የማዕዘን ካርቶኖች እየከለሉ ጥሩውን ክፍል መፈለግ። ከትልቅ ወረቀት መዳፍ የምታህል አንዲት ጥግ ብቻ ቆርጦ ማስቀረት፣ ቀሪውን ለኮላጅ (ቁርጥራጭ እያጣበቁ ለሚሠሩት ሥዕል) ማዋል የተለመደ ነው።