«አብሽር፣ ኮፒ አለኝ» እና ሌሎች የኤጀንት ሠሪዎች የተሳሳቱ እምነቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የቴሌግራም ቦትና የኤአይ ኤጀንት (መልእክት አንብቦ ሥራውን ራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) የሚሠሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። አብዛኞቹ እንደ ኤንኤይትኤን እና ላንግፍሎው ባሉ ሶፍትዌሮች ኖድ ከኖድ (አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሳጥኖችን) እያገናኙ ነው የሚሠሩት። የማሠለጥናቸው እኔ ነኝ፤ ሲበላሽባቸውም የሚደውሉት ለእኔው ነው። አንድ ነገር ግን ሰልችቶኛል። «ይሄን ክፍል ለሌላ ሥራ እንዲሆን የት አስቀመጥከው?» ስል መልሱ ሁሌ ያው ነው፦ «አብሽር ጋሼ፣ ኮፒ አለኝ።»

«ኮፒ ካደረግኩት ሴቭ ሆኗል»

አልሆነም! ኤንኤይትኤን ላይ ኖዶች መርጣችሁ ኮፒ ስታደርጉ የሚገለበጠው ጄሶን የሚባለው ጽሑፍ ነው። ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉትና እዩት። ሌላ ዎርክፍሎው (የተያያዙ ኖዶች ሰንሰለት) ላይ ስትለጥፉት ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ይሆናል። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ በሉት፤ ዋናው ላይ ስም ቢታረም ኮፒው አይታረምም። ላንግፍሎው ላይ ሴቭ ያደረጋችሁትን ኮምፖነንት (የላንግፍሎው ኖድ) ከጎን ጎትታችሁ ስታስገቡም የምታገኙት ቅጂ ነው።

ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ፔንሲዮን ልንገራችሁ። ኤጀንቱ የእንግዶችን መልእክት ተቀብሎ ለሪሴፕሽን ይመዘግባል። አንዱ እንግዳ «ለሊት 11 ሰዓት ቀስቅሱኝ፣ የአዲስ አበባ መኪና አለኝ» ብሎ ጻፈ። ሰዓት ቀያሪው ኖድ የሚያውቀው «ሌሊት» የሚለውን ብቻ ነበር። «ለሊት» ሲመጣበት ቀን መስሎት 11 ላይ 6 ደመረ፤ 17፡00 ብሎ መዘገበ። ሰውየው ሲነቃ ፀሐይ የጦሳን ተራራ ሞልታዋለች፤ መኪናው ከሚሴን አልፏል።

ቦቱን የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ በዚያው ጠዋት አስተካከለ። ግን ያስተካከለው የፔንሲዮኑን ብቻ ነው። ያንኑ ኖድ ኮምቦልቻ ላለ አንድ የሰርቪስ መኪና ባለቤትም ለጥፎለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጠዋት ፈረቃ የምትገባ ሠራተኛ «ለሊት 11 ሰዓት» ብላ ጽፋ ሹፌሩ ሳይመጣ ቀረ። ልጁ ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ ይሄን እኮ አስተካክዬው ነበር!»

መፍትሔው ሰብ-ዎርክፍሎው ነው። ክፍሉን ለብቻው አንድ ዎርክፍሎው አድርጉት። መነሻው በሌላ ዎርክፍሎው ሲጠራ የሚሠራው ትሪገር (ማስነሻ ኖድ) ይሁን። የሚቀበላቸውን ፊልዶች እዚያው በስም ጻፉ፤ ለምሳሌ የደንበኛው ጽሑፍ እና መልእክቱ የመጣበት ቀን። የመጨረሻው ኖድ ያወጣው ውጤት ለጠሪው ይመለሳል። ሌሎቹ ዎርክፍሎዎች በሙሉ እሱን ይጥሩ። አንድ ቦታ ስታርሙ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ስህተትም እንደዚያው ይደርሳል፣ እሱን አትርሱ። ስለዚህ ሥራ ላይ ያለውን አትነካኩ። ዱፕሊኬት አድርጉና ደንበኞች በእውነት በጻፏቸው መልእክቶች ፈትኑት፤ «ለሊት»ም «ሌሊት»ም ይኑርበት። የፊልድ ስም ደግሞ አንዴ ከተሰጠ አይቀየር፤ ጠሪዎቹ የሚልኩት በድሮው ስም ነው። ደንበኛው የራሱ ሰርቨር ካለው ኤክስፖርት አድርጋችሁ (በፋይል አውጥታችሁ) መስጠታችሁ አይቀርም። ያኔ ስሙ ላይ የቨርዥን ቁጥር ጻፉ፣ የትኛው ማን ጋ እንዳለም መዝግቡ።

ምን ይቀመጥ ለምትሉኝ፣ እኛ አገር ሦስት ነገር ይቀድማል። አንዱ ሰዓት ቀያሪ ነው። «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ያለ ሰው በፈረንጅ ሰዓት እሑድ 2፡00 ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ኮዱ አይገምት፣ ኤጀንቱ ደንበኛውን ይጠይቅ። ሁለተኛው ቀን ቀያሪ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በ4 ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። በ2015 ስድስት ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። መስከረም 1 ቀን 2020ም እንደዚሁ ይሆናል፤ በጭፍን 11 ብሎ የጻፈ ኮድ ያኔ አንድ ቀን ይስታል። ሦስተኛው ፊደል አስተካካይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ያመጣል። አለበለዚያ «ዓርብ» ያለው ደንበኛ ተመዝግቦ «አርብ» ያለው ይቀራል።

«ኤክስፖርት ሳደርግ የይለፍ ቁልፌ አብሮ አይወጣም»

ግማሽ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው የሚያስቸግረው። ኤንኤይትኤን ላይ በክሬደንሻል (በይለፍ ቁልፍ ማስቀመጫው) የገባ ቁልፍ ኤክስፖርቱ ውስጥ አይገባም፤ የሚወጣው ስሙና መለያው ነው። ግን ኤችቲቲፒ ኖድ (ወደ ሊንክ ጥያቄ የሚልከው) ውስጥ የቴሌግራም ቶክኑን (የቦቱን የይለፍ ቁልፍ) ከነሊንኩ የምትለጥፉ አላችሁ። እሱ እንዳለ ይወጣል። ፋይሉን ግሩፕ ላይ ለቃችሁት ከሆነ አሁኑኑ ቦትፋዘር (ቴሌግራም ላይ ቦት የሚፈጠርበት ቦት) ገብታችሁ ቶክኑን ሰርዙና አዲስ አውጡ። ላንግፍሎው ደግሞ ኤክስፖርት ስታደርጉ ቁልፎቹም ይካተቱ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። አንብቡት እንጂ፣ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ!

«ለኤጀንቱ ከሰጠሁት መቼ እንደሚጠቀምበት ራሱ ያውቃል»

ሰብ-ዎርክፍሎውን እንደ ቱል (መሣሪያ) ስትሰጡት ኤጀንቱ የሚመርጠው በስሙና በማብራሪያው ነው። «ማይ ዎርክፍሎው 3» ብላችሁ ሰይማችሁ ለምን አልጠራውም አትበሉኝ።

«ቴምፕሌት አውርጄ ወዲያው ማስነሳት እችላለሁ»

ቴምፕሌት ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው ዎርክፍሎው ነው። መጀመሪያ የሰዓት ዞኑን እዩ። በራሳችሁ ሰርቨር የጫናችሁት ኤንኤይትኤን ካልቀየራችሁት የኒውዮርክን ሰዓት ነው የሚከተለው። ጠዋት 2 ሰዓት ይላክ ብላችሁ 8፡00 የሞላችሁት መልእክት እዚህ ከሰዓት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይደርሳል። አፍሪካ/አዲስ አበባ በሉት።

«ሁሉንም ነገር ሰብ-ዎርክፍሎው ማድረግ ጥሩ ነው»

አይ። አንድ ቦታ ብቻ የምትጠቀሙበትን እዚያው ተዉት።

«ሴቭ የሚለውን ተጭኛለሁ፣ አይጠፋም»

የት ነው ሴቭ የሆነው? በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ለይቶ በሚያስኬድ ሶፍትዌር) ጭናችሁ ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ያለ ማስቀመጫ) ካላያያዛችሁለት፣ ኮንቴይነሩ የተሰረዘ ዕለት ዎርክፍሎዎቹም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ቮልዩም አያይዙ፣ ጄሶኑንም ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የኢንክሪፕሽን ቁልፉን (ኤንኤይትኤን ክሬደንሻሎቹን የሚቆልፍበትን) ደግሞ ለብቻው ያዙ። እሱ ከጠፋ የድሮዎቹ ክሬደንሻሎች አይከፈቱም፤ ከየደንበኛው እየለመናችሁ እንደገና መሙላት ነው።