ያመረቀዘ ሰው ሠራሽ ጉልበት፦ የሁለት ዙር ቀዶ ጥገና ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ጉልበታቸውን ውጭ አገር አስቀይረው የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ግን የገባው ብረት ያመረቅዛል፤ ያኔ ቤተሰቡ የሚጠይቀው "በክኒን አይድንም ወይ?" ነው።

ብዙ ጊዜ አይድንም። ባክቴሪያው ብረቱና ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ባዮፊልም የሚባል ዝልግልግ ሽፋን ይሠራል። ብረት ደግሞ ደም ሥር የለውም፤ በደም የሚሄደው አንቲባዮቲክ ሽፋኑ ሥር የተደበቀውን ጠራርጎ አያጠፋውም። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ያገረሻል።

ኢንፌክሽኑ ገና ከሆነ፣ ማለትም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከመጣ፣ ወይም ደህና የነበረ ጉልበት ድንገት አብጦ ከ3 ሳምንት ብዙ ካላለፈው፣ ብረቱ ሳይወጣ ሊታከም ይችላል። ሐኪሙ ከፍቶ ያጥባል፣ የተበላሸውን ሥጋ ይጠርጋል፣ መሃል ያለችውን ፕላስቲክ ይቀይራል። ብረቱ ከላላ ግን ይሄ አይሆንም።

ከቆየ ሁለት ዙር ይመጣል። በመጀመሪያው ብረቱ፣ ብረቱን ከአጥንት ጋር ያጣበቀው የድሮው ሲሚንቶና የሞተው አጥንት ይወጣሉ። በቦታው ቫንኮማይሲን ወይም ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይገባል፤ ስፔሰር ይሉታል። መድኃኒቱን እዚያው እየለቀቀ ክፍተቱንም ይይዛል፣ አለዚያ ጅማቱ ተኮማትሮ እግሩ ያጥራል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ገደማ አንቲባዮቲክ። ቁስሉ ከደረቀና የደም ምርመራው ከተስተካከለ በሁለተኛው ዙር አዲስ ጉልበት ይገባል። መሃል ላይ ያሉት ወራት ናቸው ሰውን የሚፈትኑት፤ በክራንች የጎንደርን ዳገትና ቁልቁለት አስቡት፣ ስግደትማ አይነሳ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አውጥቶ የመተካት መንገድም አለ፤ የጀርመኗ ሐምቡርግ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይሠሩታል። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። የባክቴሪያው ዓይነትና የሚገድለው መድኃኒት ቀድሞ መታወቅ አለበት፣ ሥጋውና ቆዳውም ደህና መሆን አለበት። ሁሉም ካልሠራ አጥንቱን አገጣጥሞ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ ማድረግ፣ የመጨረሻው መጨረሻ ደግሞ ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው።

እኛ ጋ ነገር የሚበላሸው ግን ገና ሐኪም ቤት ሳይደረስ ነው። እማማ ጉልበቴ ሞቀ ሲሉ ልጅ ሮጦ ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ያመጣል። ሐኪሙ ከጉልበቱ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ማብቀል አለበት፤ አንቲባዮቲክ ከቀደመ ላይበቅል ይችላል። ለዚህ ሲባል አንዳንዴ መድኃኒቱ 2 ሳምንት ያህል ቆሞ ናሙና ይወሰዳል፣ ማቆም ያለበት ግን ሐኪሙ ነው። መግል የሚያወጣ ቁስል ይዞ ፋሲል መዋኛ መግባትም ይቅር። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚቀባዥር ሰው ካለ ግን ናሙና ምናምን ሳትሉ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።