መዝገብ፦ ወርቅ የነበረበት ቃል

ዛሬ መዝገብ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ወረቀት ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ዳር ዳሩ ያለቀ የስም ዝርዝር። ድሮ ግን ቃሉ የወርቅና የብር ቃል ነበር። በግዕዝ «ዘገበ» ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው። ከፊቱ «መ» ሲገባበት «መዝገብ» ይሆናል፤ ሀብት የሚከማችበት ቤት ወይም ሣጥን፣ ውስጡ ያለው ሀብትም ጭምር። ሲበዛ መዛግብት።

ይህን የድሮ ትርጉም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ «መዝገብህ ባለበት ልብህ ደግሞ በዚያ ይሆናልና» ይላል። ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ መንግሥተ ሰማያት በእርሻ ውስጥ በተሰወረ መዝገብ ትመሰላለች፤ ያገኘው ሰው ያለውን ሁሉ ሸጦ ያንን እርሻ ይገዛል። ዛሬ ይህን የሚሰማ ልጅ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የተቀበረ ደብተር ነው፣ ለደብተር ብሎ ቤት ንብረቱን የሚሸጥ ሰው ደግሞ እንዴት ይግባው? «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» የሚባለው መጽሐፍ ቅዱስ «ሀብት» ብሎ አቅልሎታል። እኔ ግን መዝገብ ይሻለኛል። ሀብት ሜዳ ላይ የሚግጥ ከብትም ሊሆን ይችላል፤ መዝገብ ግን ተሰብስቦ፣ ተቆልፎበት፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ዳዊትም እግዚአብሔር ነፋሳትን ከመዛግብቱ ያወጣል ሲል፣ ነፋስ እንኳ እንደ ወርቅ የሚቀመጥበት ቤት አለው ማለቱ ነው።

ታዲያ ወርቁ እንዴት ወረቀት ሆነ? ሰነድም ውድ ዕቃ ስለነበር ይመስለኛል። መጽሐፈ ዕዝራ ላይ የፋርስ ንጉሥ የቂሮስ ትእዛዝ የሚፈለገው በንጉሡ ቤተ መዛግብት ነው። እኛም ጋ ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ርስትና ንዋየ ቅድሳት «የወርቅ ወንጌል» በሚባለው መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ሀብቱም የሀብቱም ዝርዝር አንድ ዕቃ ቤት፣ አንድ ቁልፍ ሥር ያድራሉ። ቀስ በቀስ ስሙ ለዝርዝሩ ቀረ።

ከዚያ ቃሉ ተዋለደ። መዘገበ፣ ምዝገባ፣ መዝጋቢ አልን፤ የጋዜጠኛው ዘገባና ዘጋቢም ከዚያው ከ«ዘገበ» የወጡ ናቸው። ቤተ መዛግብት የቆዩ ሰነዶች ማኖሪያ ሆነ። «መዝገበ ቃላት» ግን የድሮውን ለዛ አልለቀቀም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ትልቁን ሥራቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲሉት፣ የቃላት ግምጃ ቤት ማለትም ነው።

ግምጃ ቤትን ካነሳን፣ ግምጃ ማለት ያማረ የሐር ጨርቅ ነው። የቤተ መንግሥቱ ውድ ዕቃ ማኖሪያ በጨርቁ ተጠራ። ጎንደር ላይ ግምጃ ቤት ማርያም አለች፤ ዛሬ ደግሞ መንግሥት አጭር ብድር የሚወስድበት ወረቀት «የግምጃ ቤት ሰነድ» ይባላል። ለተራው ሰው ያለው ቃል ጥሪት ነው። ጥሪት ይቋጠራል፣ ችግር ሲመጣ ይሟጠጣል። «ጥሪቱን አሟጦ ልጁን አሳከመ» ሲባል ሁለቱ በሬዎች፣ የሚስቱ የጆሮ ወርቅ፣ ሣጥን ግርጌ በመሐረብ የታሰረችው ብር አንድ በአንድ ይታዩናል።

የድሮው መዝገብ በሰው ስምም አለ። ልጃቸውን መዝገቡ ብለው የሚጠሩ ወላጆች ፋይል አስበው አይደለም።