የቅዝቃዜ ሰንሰለት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አንድ አዛውንት ኢንሱሊን ሲገዙ፣ ባለሙያዋ ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥታ በጨርቅ ትጠቀልልና ከበረዶ ከረጢት ጋር ታስይዛቸዋለች፤ «ፀሐይ እንዳያገኘው፣ በረዶውም በቀጥታ እንዳይነካው፣ አባባ» ትላለች። የቅዝቃዜ ሰንሰለት የሚባለው መድኃኒት ከፋብሪካ እስከ ታካሚው እጅ በተወሰነለት የሙቀት መጠን ሳይቋረጥ የሚጓዝበት ሥርዓት ሲሆን፣ መጋዘኑን፣ ተሽከርካሪውን፣ ቴርሞሜትሩንና ንባቡን የሚመዘግበውን ሰው ጭምር ያካትታል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ኃይሉን ቀስ በቀስ ያደክመዋል፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ አይሆንም፣ ይጣላል። የፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ ሙቀት ሲበዛበት የሚጠቁር ምልክት አለ፤ ኢንሱሊን ግን እንዲህ ያለ ምስክር ስለሌለው በመንገድ ያገኘውን የሚናገርለት የሙቀት መዝገቡ ብቻ ነው።

ሆኖም ሰንሰለቱ በፍሪጅ ብቻ አይቆምም። የዓለም የኢንሱሊን ገበያ በአብዛኛው በሦስት ኩባንያዎች፣ በኖቮ ኖርዲስክ፣ በኢላይ ሊሊና በሳኖፊ እጅ ነው፤ ኢንሱሊንን ያገኙት ተመራማሪዎች በ1923 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር የሸጡለት መድኃኒት መሆኑ ያስገርማል። ሻጭ ሲያንስ፣ አንዱ ምርቱን ቢቀንስ ገዢ አገር ሌላ በር የሚያንኳኳበት ዕድል ይጠባል። በእኛ በኩል ደግሞ መድኃኒቱ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ፣ ጨረታ ማለፍና የውጭ ምንዛሪ ማግኘት አለበት፤ በመንግሥት በኩል የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አማካይነት ድሬዳዋ ካለው ቅርንጫፍ የሚደርሰው። ምንዛሪው ከዘገየ ፍሪጁ ባዶውን ይቀዘቅዛል። እጥረት ሲነሳ መብራት መጥፋቱን ብቻ የምናማርረው፣ ይህኛው ክፍል ከዓይናችን ስለራቀ ይመስለኛል።

ፍሪጅ የሌለው ቤት ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ውስጥ ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንደሚጠብቅ አሳይቷል። አዛውንቱም ብልቃጡን በላስቲክ ቋጥረው፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ገንቦ ውስጥ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ጥግ ያኖሩታል፤ ውኃው በሸክላው ላይ እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፣ እሳቸውም ጠዋትና ማታ አሸዋውን ያረጥባሉ።