አንድ ሜዳ፣ ብዙ ቁልፍ፦ የአየርላንድ የገጠር ጌሊክ ክለብ እና የጋራ መገልገያው

በታኅሣሥ የአየርላንድ ገጠር በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሲል ድቅድቅ ጨለማ ነው። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፣ የእግረኛ ዳር የለውም፣ የመንገድ መብራትም የለውም። መኪና ደግሞ ይበርርበታል። ስለዚህ ትንሽ ወክ ልበል ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ቦታ መልሱ አንድ ነው፤ ክለቡ ግቢ። ሜዳውን የሚዞር የእግር መንገድ አለ፣ በላዩ ላይ መብራት። ሕፃን በጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ሐኪም ተንቀሳቀሱ ያላቸው አዛውንት፣ ኳስ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ይዞሩበታል። መሐል ላይ ልጆች ይሠለጥናሉ። የገጠር ጌሊክ ክለብ ዛሬ የጋራ መገልገያ ሲያቅድ የሚያስበው ስለ ተጫዋቹ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን ስለሚሄደውም ሰው ነው።

ጌሊክ ስፖርት ሲባል በዋናነት ሁለት ጨዋታ ነው። ጌሊክ እግር ኳስ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ሀርሊንግ ደግሞ በዱላ ነው። ዱላው ሀርሊ ይባላል፣ ከአሽ ዛፍ ይጠረባል፤ ትንሿ ኳስ ስሊተር ትባላለች። የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ብዙ አይከብድም፤ ልዩነቱ እዚህ ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ናት። በ2018 ዩኔስኮ ሀርሊንግን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሴቶቹ የሚጫወቱት የዱላ ጨዋታ ካሞጊ ይባላል። አንድ ቡድን 15 ሰው ያሰልፋል። ሜዳው ከ130 እስከ 145 ሜትር ይረዝማል፣ ከ80 እስከ 90 ሜትር ይሰፋል። ከእግር ኳስ ሜዳ በጣም ይበልጣል፤ ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ ዕቅድ ላይ ስንደርስ ራስ ምታት የሚሆነው እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ጨዋታዎች የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው ኅዳር 1 ቀን 1884 በቲፐራሪ ካውንቲ፣ ተርልስ ከተማ ውስጥ ሆቴል ቤት ነው። ሐሳቡን ያነሳው ማይክል ኪውሳክ የሚባል መምህር ነበር። አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፣ የእንግሊዝ ጨዋታዎችም አገሩን እየወረሱት ነበር። ማኅበሩ ሲዋቀር መሠረቱን የጣለው አጥቢያ ላይ ነው። የአንድ ደብር ምዕመን የአንድ ክለብ ሰው ነው። በአየርላንድ ደሴት ላይ ከ1,600 በላይ ክለቦች አሉ። ተጫዋች አይከፈለውም፤ በ82,300 ሰው ፊት በማኅበሩ ዋና ስታዲየም፣ ደብሊን ባለው ክሮክ ፓርክ ላይ ዋንጫ ያነሳ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ወደ መምህርነቱ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል። ክለብ መቀየርም ቀላል አይደለም። የተወለድክበት ክለብ እንደ አባት ስም ነው።

ክለቡ ሰው ሲሞትም አለ። አባል ሲቀበር ማሊያ የለበሱ ሰዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አስከሬኑን ያሳልፋሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ክለቡን ለማስረዳት ከስፖርት ክለብ ይልቅ እድር ብዬ ብጀምር የሚቀልለኝ ይመስለኛል።

ታዲያ ለሌላው መክፈት ሁልጊዜ ቀላል አልነበረም። ማኅበሩ ለረጅም ዘመን የእንግሊዝ የሚላቸውን ጨዋታዎች በሜዳው ላይ የሚከለክል ደንብ ነበረው። የኋላ ታሪክ አለው፤ በ1920 የእንግሊዝ ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ገብተው ጨዋታ ላይ ተኩሰው 14 ሰው ገድለዋል። ደንቡ በ2005 ለክሮክ ፓርክ ላላ፣ በ2007 የእንግሊዝ ራግቢ ቡድን እዚያው ሜዳ ላይ ተጫወተ። ሌሎቹ የማኅበሩ ሜዳዎች ግን ተዘግተው ቆዩ። በ2018 ሊያም ሚለር የሚባል የኮርክ ልጅ፣ የቀድሞ የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋች፣ በወጣትነቱ በካንሰር ሞተ። ለቤተሰቡ የመታሰቢያ ግጥሚያ ሲታሰብ ማኅበሩ በመጀመሪያ ፓርክ ኢ ኪቭ የተባለውን የኮርክ ስታዲየም በደንቡ ምክንያት አልፈቅድም አለ። አገር ተንጫጫ፤ ስታዲየሙ ከመንግሥት ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ወስዶ የታደሰ ነበርና። መስከረም ላይ ጨዋታው እዚያው ተካሄደ። በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተራርቆ ለመስገድ ሰፊ ቦታ ሲያስፈልግ የአየርላንድ ሙስሊሞች የዒድ አል አድሓ ሶላታቸውን ክሮክ ፓርክ ላይ ሰገዱ።

ወደ ገጠሩ እንመለስ። ዕቅዱ የሚጀምረው ምኞት በመዘርዘር ነው። አዳራሽ ይኑረን፣ ጂም ይኑረን፣ ካፌ ይኑረን። በእኔ አስተያየት ዝርዝሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የጊዜ ሰሌዳው ነው። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ሜዳው የማን ነው? ወንዶቹ፣ ሴቶቹ፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉት፣ የመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ይፈልጉታል። ሜዳው ትልቅ ስለሆነ ሁለተኛ ሜዳ ለመጨመር ሰፊ መሬት መግዛት ግድ ይላል። መሬት ደግሞ ለጎረቤቱ ገበሬ እንጀራው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ክለቦች በሜዳ ፈንታ የኳስ ግድግዳ የሚገነቡት። ረጅም የኮንክሪት ግድግዳ ነው፤ ልጆች ኳሷን እየመቱበት ይለማመዳሉ፣ ሣሩም ያርፋል።

ሣሩ ማረፍ አለበት። የአየርላንድ ዝናብ ክረምት በጋ አይመርጥም። የውሃ ማፋሰሻው ያልተሠራ ሜዳ ጥር ላይ ጭቃ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ያነጥፉ የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሣሩ መሐል የሚበተነውን የጎማ ብናኝ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ ከ2031 በኋላ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ዛሬ የሚያነጥፍ ክለብ ይህን ካላሰበ ነገ ይቸገራል።

የመልበሻ ክፍል ነገር ከሁሉ በላይ ያወዛግባል። የድሮ ክለቦች የሠሩት ሁለት ክፍል ነው፣ ለሁለት የወንድ ቡድን። የሴቶቹ ጨዋታ የሚመራው በሌሎች ሁለት ማኅበራት ነው፤ የካሞጊው በ1904፣ የሴቶች ጌሊክ እግር ኳሱ በ1974 ተመሠረቱ። ሜዳው ግን በአብዛኛው የወንዶቹ ማኅበር ንብረት ነው። ሴቶቹ ለዓመታት በተረፈው ሰዓት ሲሠለጥኑ፣ መኪና ውስጥ ልብስ ሲቀይሩ ኖረዋል። አሁን ሦስቱ ማኅበራት እንዲዋሃዱ እየተሠራ ነው፤ ሥራውን የሚመሩት የቀድሞዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማካሊስ ናቸው፣ የታሰበውም 2027 ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአራት በታች መልበሻ ክፍል የሚያቅድ ክለብ ትናንትን እየገነባ ነው።

ገንዘቡ ከየትም ይለቃቀማል። በየሳምንቱ የክለቡ ሎተሪ አለ፤ ጥቂት ዩሮ ከፍለህ ቁጥር ትመርጣለህ፣ ካልወጣ ሽልማቱ እየተጠራቀመ ያድጋል። አሜሪካና አውስትራሊያ የሄዱ ልጆችም ይልካሉ። አንዱ ትልቅ ምንጭ የመንግሥት የስፖርት ድጎማ ነው። በ2023ቱ ዙር አንድ የአካባቢ ፕሮጀክት ሊያገኝ የሚችለው እስከ 200,000 ዩሮ ነበር። ድጎማው ክለቡ ራሱም እንዲያዋጣ ይጠይቃል፤ መሬቱ በስሙ መሆኑን ወይም ረጅም ሊዝ እንዳለውም ያጣራል። ጉድ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ሜዳ የዛሬ ስልሳ ዓመት በእጅ መጨባበጥ የተሰጠ ነው። በወረቀቱ ላይ ያሉት ባለአደራዎች ሞተዋል። ጠበቃ ፊት ሳይደርሱ አርክቴክት ጋ የሮጡ ክለቦች ብዙ ወራት ያቃጥላሉ።

የግንባታ ፈቃዱ ከካውንቲው ምክር ቤት ይመጣል። ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ በር ላይም ይለጠፋል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ማንኛውም ሰው በ5 ሳምንት ውስጥ አስተያየት ማስገባት ይችላል። አብዛኛው ቅሬታ በፓውዛው ብርሃን ላይ ነው፤ የሌሊት ወፎች መኖሪያ ከሆነ ደግሞ ጥናት ይጠየቃል። ጎረቤት ማስታወቂያውን አጥር ላይ ተለጥፎ ከሚያነበው ቀድሞ ቤቱ ሄደው ሻይ እየጠጡ ቢያወሩት ይሻላል። ገጠር ነው፤ ቅሬታ ያስገባው ሰው የግብ ጠባቂው አጎት ሊሆን ይችላል።

ጉልበቱ ከመንደሩ ነው። አይሪሾች ሜሂል የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ የሌላውን አዝመራ የሚያነሳበት። ደቦ ማለት ነው። ዛሬ ሜሂሉ አጥር ይተክላል፣ ቀለም ይቀባል። አናጢውም ቧንቧ ሠራተኛውም የክለቡ ሰው ነው። ይህ ሁሉ በገንዘብ ቢተመን ብዙ ክለብ ግንባታውን አይጀምረውም ነበር።

ለምሳሌ የሚጠቀስ ቦታ ከተፈለገ በሰሜን አየርላንድ፣ ዴሪ ካውንቲ ውስጥ ያለው ስላክኒል ነው። ከተማ የለውም፤ በኮረብታ ላይ የተበተኑ ቤቶች ናቸው። በ2016 በወንዶች እግር ኳስ፣ በሀርሊንግ እና በካሞጊ ሦስቱንም የአልስተር፣ ማለትም የሰሜኑ ክፍለ ሀገር፣ ክለቦች ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰደ። እዚያ ስፖርቱና የአይሪሽ ቋንቋ አንድ ላይ ነው የሚያድጉት፤ ልጆች በአይሪሽ ይማራሉ፣ ማታ ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ።

ሁሉም መንደር ግን ስላክኒል አይደለም። ልጆች ለሥራ ደብሊን ወይም ሲድኒ ይሄዳሉ፣ ቤት መሥሪያ ፈቃድ ይከብዳል፣ ትምህርት ቤቱ ይሳሳል፣ አንድ ቀን 15 ልጅ መሙላት ያቅታል። ያኔ ሁለት ክለቦች የልጆች ቡድናቸውን ያዋህዳሉ። ለመቶ ዓመት ሲፋለሙ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ስሙ ምን ይሁን፣ ማሊያው ምን ቀለም ይሁን የሚለው ስብሰባ እስከ እኩለ ሌሊት ይወስዳል። ሜዳው ይፈራረቃል፤ አንድ ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ። ልጆቹ አብረው ያድጋሉ። አዋቂ ሲሆኑ እያንዳንዱ ወደ አጥቢያው ክለብ ይመለሳል፣ ትናንት ኳስ ሲያቀብለው የነበረውን ልጅ ፊት ለፊት ይገጥማል።